አህያ የተባለው ፕሬዚዳንትና የቦያችን ምርጫ

ሸዋ ሮቢት፣ ጥቅምት 27 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አስተማሪዬ ለእትዬ ከበቡሽ፣

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎ እንዴት ነው? የደብረ ብርሃን ብርድስ ምን አደረገዎት? እኔና ልጄ ሩዋይዳ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ሙቀቱ ረገብ ብሏል፤ ቀትር ላይ ግን ያው ራስ ያዞራል። ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ሳምንት አለፈው፤ ሳልመልስ በመቆየቴ አውፍ ይበሉኝ። ጆሮዎ ስልክን እምቢ ባይል ኖሮ ደውዬ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ እዘረግፍልዎት ነበር።

አዎ፣ የሰሙት እውነት ነው። ለውሃ አባትነት፣ ለቦያችን ተራ አከፋፋይነት፣ ልወዳደር ተመዝግቤያለሁ። የነገረዎትም አሊዪ እንደሆነ አውቄያለሁ። ያ ሹፌር ሽንኩርት ጭኖ ጣርማ በርን ሲወጣ ከሽንኩርቱ ይልቅ ወሬው ነው መኪናውን የሚያስጨንቀው።

«አርፈሽ ብትቀመጪ ምን አለበት?» ላሉኝ፣ እትዬ፣ እንዴት አድርጌ ልረፍ? የአባቴ ማሳ ያለው ከቦዩ ጭራ ነው። ኡበይድ፣ ያው ከኔ ሁለት ክፍል ይበልጥ የነበረው የእርስዎው ተማሪ፣ የቦዩን ተራ ማከፋፈል ከያዘ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ውሃው ሁልጊዜ እሱ ካለበት ከቦዩ ራስ ይጀምራል፤ እኛ ጋ ሲደርስ ጭቃ ነው። ሁለት ጊዜ የተከልኩት ሽንኩርት እንደ ክር ቀጥኖ ደረቀብኝ። ዘንድሮም ከደረቀ ማሳውን ለሌላ ሰጥቼ በሰው ማሳ ሽንኩርት ነቃይ መሆኔ ነው። ከጭራው ያለን ስልሳ ቤተሰብ ነን፤ የሁላችንም ነገር አንድ ነው።

ታዲያ እሁድ ስብሰባ ላይ ኡበይድ ተነስቶ ምን አለ መሰለዎት? «እኔ ውሃ ለአህያ አላስረክብም!» ባለፈው ጭነቱ በዝቶብኝ ከአህያዬ ጎን ለጎን ተሸክሜ ስሄድ አይቶኝ ኖሯል። ሁለት መቶ ሰው በሳቅ ፈረሰ። የኔ ሰፈር ሰዎችም ሳቁ፤ አይቻቸዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ባለፍኩበት ሁሉ ያናፉብኛል። ሩዋይዳን ትምህርት ቤት «የአህያ ልጅ» ብለዋት እያለቀሰች መጣች። ወላሂ፣ ስሜን ላሰርዝ ወረቀቱን ይዤ ሁለቴ ሄጄ ሁለቴ ከበር ተመልሻለሁ።

ለዚህ ነው የምጽፍልዎት። ከሰዓት በኋላ ክፍሉ በሙቀት ሲያንጎላጅብዎት እኛን ለመቀስቀስ የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች የተሰደቡትን ስድብ ያነቡልን ነበር። ማንም አይተኛም ነበር! ከነሱ አንዱ አህያ ተብሎ አልነበረም? ማን ነበር? ምንስ መለሰ? ቶሎ ይጻፉልኝ። የምርጫ ምልክት የምናስመዘግበው እሁድ ኅዳር 7 ነው። ማንበብ የማይችል አባል ብዙ ስለሆነ በልማዳችን በየተወዳዳሪው ቆርቆሮ ላይ ምስል ይለጠፋል፣ አባል ሁሉ አንድ የበቆሎ ፍሬ የፈለገው ቆርቆሮ ውስጥ ይጥላል። ኡበይድ ግመል ነው የሚያስመዘግበው፤ አባቱ የግመል ነጋዴ ነበሩና። እኔ እስካሁን ምንም የለኝም፣ የተረፈኝ ማናፋቱ ብቻ ነው።

ተማሪዎ፣ ራቢዓ ሷሊሕ



ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር 1 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ ራቢዓ፣

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት፣ አንዴ እየሳቅኩ፣ አንዴ በቀይ ብዕር። ስድስት ቦታ አራት ነጥብ ዘለሻል። ለማንኛውም ሰላም ላንቺ ይሁን። ስለ ጉልበቴ አትጠይቂኝ፤ ልጄ ሔለን በየሰዓቱ ስለምትጠይቀኝ ጉልበቴ ራሱ ሰልችቶታል። ብርዱማ ብርድ ነው፣ ሦስት ጋቢ ደርቤ ነው የምጽፍልሽ።

አለ እንጂ! እንዴት አይኖርም! አንድሪው ጃክሰን ይባላል። በፈረንጆቹ 1828 ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር ተቃዋሚዎቹ አህያ አሉት፣ ያላሉት ነገር የለም። ሰውዬው ደግሞ ቁጡ ነው፤ ስለ ክብሩ በሽጉጥ ተታኩሶ ሰው ገድሏል። አህያ ሲሉት ግን አልተኮሰም። እሺ፣ አህያ ነኝ፤ አህያ ግትር ናት፣ ሸክም አትጥልም ብሎ ስድቡን የራሱ አደረገው ይባላል። አሸነፈ! እስከ ዛሬ የፓርቲው ምልክት አህያ ናት። ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላት ነው፣ ማንም አላወረዳትም።

ቆይ፣ አልጨረስኩም። ሄንሪ ሃሪሰን የሚሉት ሽማግሌ ነበር፣ ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ። አንድ ጋዜጣ «አንድ በርሜል የፖም ጠላ ስጡትና ከግንድ ጎጆው ቁጭ ይበል» ብሎ አሾፈበት። ደጋፊዎቹ ምን አደረጉ? የግንድ ጎጆ ሠርተው በጋሪ እየጎተቱ አገሩን አዞሩት! እሱም አሸነፈ። (በተሾመ በወሩ ሞተ፣ እሱን አንቺ አትቁጠሪው። ጠላውንም ተይው፣ ጎጆውን ብቻ ያዢ።) ሊንከንንም ጦጣ ብለውታል፣ ጎሬላ ብለውታል። አንዱ ባለ ሁለት ፊት ቢለው «ሌላ ፊት ቢኖረኝ ይህንን አስቀያሚ ፊት ይዤ እዞር ነበር ወይ?» አለ ይባላል። ይኼን ለነሱ ክፍል ስነግር ከወንበሩ የወደቀው ማን ነበር? ኡበይድ ነበር።

እና አሁን ስሚኝ። እሁድ ሂጂና አህያዋን አስመዝግቢ! ለመሆኑ ሸዋ ሮቢት ውስጥ ስንት ቤት ግመል አለ? ስንት ቤትስ አህያ አለ? ያ ሞኝ ልጅ የምርጫ ምልክትሽን በገዛ አፉ መርቆ ሰጥቶሽ ነው አንቺ ወረቀት ይዘሽ የምትንከራተቺው! ደሜ ፈላ፣ አሁን ጋቢዬን አወለቅኩት።

ጥላቻ ግን እንዳታስገቢ። እሱም ልጄ ነው፤ ሰሌዳዬን ሳላዘው የሚጠርግልኝ እሱ ነበር።

የጃክሰን ታሪክ ቀሪ ነገር አለው፣ ግን ዛሬ አልጽፈውም። ደስ ብሎኛል፣ ደስታዬን አላበላሽም።

አስተማሪሽ ከበቡሽ



ሸዋ ሮቢት፣ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

እትዬ! እትዬ ከበቡሽ! ሰላምታውን ከታች እጽፈዋለሁ፣ መጀመሪያ ወሬውን ይስሙኝ!

አስመዘገብኩ። ጸሐፊው «ምልክት?» አለኝ። «አህያ» አልኩት። ብዕሩ ቆመ። «ስድቡን ማለትሽ ነው?» አለኝ። «አህያዋን ማለቴ ነው፣ ጻፍ» አልኩት። ከኋላዬ የተሰለፉት መሳቅ ጀመሩ፤ ሳቁ ግን የባለፈው ዓይነት አልነበረም። አንድ ሽማግሌ «እኔ አሥራ ሁለት ልጅ ያሳደግኩት በአህያ ጀርባ ነው፣ በግመል መቼ ተቀመጥኩ!» ብለው ጮኹ። በቃ፣ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አገሩ ተገለበጠ!

በገበያ ቀን ሴቶቹ በየአህያቸው አንገት ላይ ቀይ ጨርቅ አስረው መጡ። ማን እንዳዘዛቸው አላውቅም፣ እኔስ አላዘዝኩም። ቆጠርኳቸው፣ አርባ ሦስት አህያ! ከቦዩ ራስ ያሉትም፣ የኡበይድ ጎረቤቶች ሳይቀሩ፣ ጨርቅ አስረዋል። አሁን የሚያናፋ ሰው ካለ የኔ ደጋፊ ነው። ሩዋይዳ ትምህርት ቤት ውስጥ አለቃ ሆናለች፣ «የአህያ ልጅ ነኝ» እያለች ትኮራባቸዋለች። የእርስዎን ደብዳቤ ለስንት ሰው አነበብኩት መሰለዎት! ጃክሰንን አሁን የማያውቀው የለም፤ አንዳንዱ የአጣዬ ሰው ይመስለዋል።

በአሊዪ በቃል ለላኩብኝ ጥያቄ፣ የምርጫ ግጥሙን የሚገጥመው የአክስቴ ልጅ ሙሀሲን ነው። ሰርግ ላይ ማይክ የሚይዘው፣ ድምፁ ጣርማ በር የሚሰማው ልጅ። ጫት ገዝቼለት አላውቅም፤ እኔ የጠየቅኩት የለም፣ እሱ በራሱ ነው የተነሳሳው። የመጀመሪያው ይኸው፦

ግመሉስ ይሂድ ወደ በረሃው፣
ለአህያችን ነው የዘንድሮ ውሃው።

እንዴት ነው? ከተማው በሙሉ ይለዋል! በባጃጅ ይዘፈናል! ማክሰኞ ከነበረ ሰርግ ደግሞ አዲስ ይዞ መጥቷል፦

ተራችን የት ገባ ብላችሁ አትዙሩ፣
ፈይሩዝ ትሸጠዋለች በጓሮ በሩ።

ፈይሩዝ የኡበይድ ሚስት ናት፣ ያቺ ዝምተኛዋ፣ ከማጀቴ ከተማ የመጣችው። ሰርገኛው አብዶ ነበር አሉ። ኡበይድ ሳይበላ ወጣ። እውነት ነው ወይ ቢሉኝ፣ እኔ በዓይኔ አላየሁም፤ ሰው ሁሉ ግን ያወራል፣ እሳት ከሌለ ምን ያጨሰዋል ይላሉ። እኔ አልገጠምኩትም። አልከለከልኩትምም። ከቦዩ ራስ ሠላሳ ሰው ወደኛ ዞሯል እየተባለ ነው! ልክ እንደ ፕሬዚዳንቶቹ ሆንን አይደል?

ሰላም ይሁኑልኝ። ጉልበትዎን ያሙቁት። አራት ነጥቦቹን ቆጥሬያለሁ፣ አንድም አልዘለልኩም።

አህያዋ ተማሪዎ፣ ራቢዓ



ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ራቢዓ፣

ዛሬ ሰላምታ የለኝም። አራት ነጥቦችሽ ትክክል ናቸው፣ ሌላው ሁሉ ስህተት ነው።

የጃክሰንን ቀሪ ታሪክ አልጽፍም ብዬሽ ነበር። አሁን ቁጭ ብለሽ አንብቢው። አህያ ሲሉት የሳቀው ያ ሰው ሚስት ነበረችው፣ ሬቸል ትባላለች። በልጅነቷ ሌላ ሰው አግብታ ነበር። ከጃክሰን ጋር ስትጋባ የፊተኛው ፍቺ ገና አላለቀም ኖሯል፤ እነሱ ያለቀ መስሏቸው ነው። ይኼንን ቆፍረው አወጡት። በየጋዜጣው «የሁለት ባል ሚስት፣ አመንዝራ» አሏት። እሷ አልተወዳደረችም፣ ማንንም አልሰደበችም፣ ቤቷ ነው የተቀመጠችው። ባሏ አሸነፈ። እሷ ግን ቤተ መንግሥቱን ሳታየው፣ ምርጫው ባለቀ በጥቂት ሳምንት፣ በልብ ሕመም ሞተች። ለበዓለ ሹመቱ ያዘጋጀችውን ነጭ ቀሚስ አልብሰው ነው የቀበሯት ይባላል። ጃክሰን እስኪሞት ድረስ «የገደላት ምላሳቸው ነው» ይል ነበር።

ይኼንን ለምን ክፍል ውስጥ አልነገርኳችሁም? ሰዓት አልቆብኝ እንዳይመስልሽ። እየሳቃችሁ ነበር። በዚያ ሙቀት፣ ስልሳ ልጅ ነቅቶ፣ እየሳቀ ሲያየኝ ሬቸል ጋ ስደርስ ደብተሩን እዘጋው ነበር። ሃያ ሰባት ዓመት ዘጋሁት። ለናንተ የሰጠሁት የስድቡን ጨዋታ ነው፣ ዋጋውን ደብቄ አስቀረሁት። ስለዚህ የተቆጣሁት ባንቺ ብቻ አይደለም።

ስለ ሙሀሲንም ልንገርሽ። ጀፈርሰን የሚባለው ፕሬዚዳንት ተቀናቃኙን የሚሰድብለት ካለንደር የሚባል ጋዜጠኛ ነበረው፣ በገንዘብም ይደግፈው ነበር። ሰውዬው በኋላ የፖስታ ቤት ሹመት ፈለገ፤ ሲከለከል ያንኑ ብዕር አዙሮ ጀፈርሰንን ጓዳው ድረስ ገብቶ አዋረደው። ያንቺው ሙሀሲንስ ከምርጫው በኋላ የፈለገው ሥራ የለም? ጠይቂው።

አሁን የምትመልሺልኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ሙሀሲን ያንን ነገር ስለ ፈይሩዝ ከየት አመጣው? «ሰው ሁሉ ያወራል» እንዳትዪኝ። ፊት ለፊት ጠይቂውና ጻፊልኝ።

ልጄን እንዳስከፋሁ አውቃለሁ፣ ይቅርታ። ግን አልሰርዘውም።

ከበቡሽ



ሸዋ ሮቢት፣ ኅዳር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእትዬ ከበቡሽ፣

ጤና ይስጥልኝ። ጠየቅኩት። ቸኩዬ ነው የምጽፍልዎት፣ ቀይ ብዕርዎ ይማረኝ።

ሙሀሲንን ይዤ «ፈይሩዝ ተራ ስትሸጥ አይተሃል?» አልኩት። «አላየሁም» አለ። «ማን ነገረህ?» «ማንም።» «ታዲያ ከየት አመጣኸው?» ምን አለኝ መሰለዎት? «አትዙሩ ብዬ ጀመርኩ፣ በጓሮ በሩ የሚል መጣልኝ፣ ቤት መታልኝ። ኡበይድ ብዬ ሞከርኩት፣ ለዜማው አልሄደልኝም፤ ፈይሩዝ ስል ሄደ።» በቃ! ወላሂ ይኸው ነው! ሰው ሁሉ የሚያወራው ወሬ ከግጥሙ በፊት አልነበረም እትዬ፤ ከግጥሙ ነው የተወለደው። እኔም ስሰማው ድሮ የሰማሁት መሰለኝ። ሥራም ጠይቆኛል፤ ካሸነፍኩ የቦዩን በር ጥበቃ እንድሰጠው። ከሳምንት በፊት ነው የጠየቀኝ፣ እሱን አልጻፍኩልዎትም ነበር።

ፈይሩዝ ከሰርጉ ወዲህ ገበያ አልወጣችም። ልጆች በጓሮዋ በር እየቆሙ ይዘፍኑባት ነበር። ባለፈው ሰኞ ጓዟን ይዛ ወደ ቤተሰቦቿ ወደ ማጀቴ ሄዳለች። ኡበይድን ቦዩ ዳር አገኘሁት። ይጮህብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። «እኔን በፈለግሽው ጥሪኝ፣ እኔም ጠርቼሻለሁ» አለኝ። ከዚያ ዞሮ ሄደ። እትዬ፣ ሩዋይዳ እያለቀሰች የመጣች ቀን የነበረኝን ፊት በሱ ላይ አየሁት።

ትናንት ማጀቴ ሄድኩ። ፈይሩዝ ከእናቷ ጋር ተቀምጣ ማሾ ትለቅማለች። ውሃ ሰጠችኝ፣ ባለጌ አልሆነችብኝም፣ ያ ደግሞ ባሰብኝ። «አውፍ በይኝ» አልኳት። ያውቁናል እርስዎ፣ ከኛ ዘንድ የሰው ስም የበላ ሰው ሌት ተቀን ቢሰግድ የተበላው ሰው በአፉ አውፍ ካላለው ኃጢአቱ አይነሳለትም። እሷም ታውቀዋለች። «በጆሮዬ ብቻ የሰማሁት ቢሆን እዚሁ ተነጋግረን እንጨርስ ነበር» አለችኝ። «በማይክ ነው የተባልኩት። አሁን አውፍ አልልሽም።» ልሄድ ስነሳ ግን «ውሃውን ያን ያህል ለምን ፈለግሽው፣ ስሜን እስክትበዪ?» ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። የደረቀብኝን ሁለት ጊዜ፣ ዘንድሮ ከደረቀ የሚደርስብኝን፣ ስልሳውን ቤተሰብ። አሥራ አንድ ዓመት የውሃ አባት ሚስት ሆና ጭራውን አንድ ቀን ወርዳ አላየችውም ኖሯል።

ምርጫው እሁድ ኅዳር 28 ነው። ሁሉም «አሸንፈሻል» ይለኛል፤ በትንሽ ነው ግን። ማይክ ይዤ ያ ነገር ውሸት ነው፣ ከኔ ቤት ነው የወጣው ካልኩ እሸነፋለሁ፣ ማሳዬም ይሄዳል። ዝም ካልኩ ውሃ አገኛለሁ። ከጭራ ያሉት ሴቶች «ከምርጫው በኋላ ትናገሪያለሽ፣ ምን አስቸኮለሽ» ይሉኛል። እርስዎ ምን ይሉኛል? ይዘዙኝና የታዘዝኩትን ላድርግ።

ራቢዓ



ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ፣

አላዝሽም። ማሳው የኔ አይደለም፣ የሚደርቀውም ሽንኩርት የኔ አይደለም። ሦስት ጋቢ ደርቦ የተቀመጠ ሰው ሌላውን ጀግና ሁን ማለት አያምርበትም።

አንድ ሰው ብቻ ልንገርሽ፣ የመጨረሻዬ ነው። ክሊቭላንድ ይባላል፣ በ1884 ተወዳደረ። ሳያገባ ልጅ ወልዷል ብለው በየመንገዱ እየዘፈኑ አዋረዱት። ወዳጆቹ ደንግጠው ምን እንበል ብለው ቢጠይቁት «የምትሉትን ሁሉ በሉ፣ እውነቱን ተናገሩ» ብሎ በቴሌግራም መለሰላቸው። ስለ ተቀናቃኙ ደግሞ ቆሻሻ ወረቀት አምጥተው ሲሰጡት ቀዳዶ እሳት ውስጥ ጣለው፣ «ቆሻሻውን ሌላው ወገን ለብቻው ይያዘው» አለ ይባላል። አሸነፈ። አንቺም ታሸንፊያለሽ ግን አልልሽም። ሬቸልን ደብቄ አንዴ ዋሽቼሻለሁ፣ ሁለተኛ አልዋሽሽም። እውነት ተናግሮ የተሸነፈ ስንት አለ፣ ታሪክ ስሙን አልያዘልንም እንጂ።

አብሮ የታሸገ ሌላ ፖስታ አለ። ለፈይሩዝ ነው፣ ከኔ። አሊዪ ማጀቴ ድረስ ያድርስልኝ። አንቺ እንዳትከፍቺው፤ ይቅርታ የምጠይቅበት የራሴ ጉዳይ አለኝ።

እሁድ ጠዋት አንቺን እያሰብኩ ነው የምቀመጠው። ሔለን «ምን ያስጨንቅሻል፣ የሸዋ ሮቢት ቦይ!» ትለኛለች። የገዛ ልጄ ናት፣ ምን ታውቃለች!

ከበቡሽ



ሸዋ ሮቢት፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለክብርት እትዬ ከበቡሽ፣ ለእናቴ፣

እንደምን አሉልኝ? እኛ ደህና ነን፣ እጅግ ደህና ነን! ሳምንት ሙሉ ዝም ማለቴ አሊዪ ጎማ ፈንድቶበት አይደለም፣ እኔ ነኝ ያቆየሁት። ጨርሼ ልጻፍልዎት ብዬ ነው።

ተሸነፍኩ! በዘጠኝ ፍሬ! ግመል መቶ ሃያ ሰባት፣ አህያ መቶ አሥራ ስምንት።

እንዴት ሆነ ቢሉኝ፣ ቆርቆሮዎቹ ተደርድረው ሰው በቆሎውን እንደያዘ ማይኩን ከሙሀሲን ተቀበልኩት። አንድ ግጥም ልጨምር መስሎት ደስ ብሎት ነው የሰጠኝ። «ስለ ፈይሩዝ የተባለው ውሸት ነው» አልኩ። «ከኔ ቤት ነው የወጣው። ሲባል ሰምቼ ደስ ብሎኝ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። አንዲት ተራ አልሸጠችም። ያልኩትን ያልሰማ ካለ ልድገመው።» ደገምኩት። ከጭራ ካሉት አንዷ «ራስሽን ገደልሽ አንቺ ልጅ!» ብላ ጮኸች። ከቦዩ ራስ ወደኛ ከዞሩት አንዳንዱ ዓይኔ እያየ ወደ ግመሉ ቆርቆሮ ሄደ። እኔም አንዷን ፍሬዬን አህያዬ ላይ ጥዬ ዳር ቆምኩ። ኡበይድ ሲያሸንፍ እልል አላለም፤ ጫማውን እያየ ነበር።

ሙሀሲን አኩርፎኛል። በር ጥበቃው ቀረበታ! ጫት ቤት ተቀምጦ «በገዛ አፏ ወድቃ» የሚል አዲስ ገጥሞብኛል አሉ። ካለንደርን ነገርኩት፣ «ማነው እሱ፣ የየት ሰፈር ልጅ ነው?» አለኝ።

እሁድ ማታ ቤቴ ገብቼ ማሳውን ለማን እንደምሰጥ ሳስብ አደርኩ፤ አልዋሽዎትም፣ ተቆጭቻለሁ። ሰኞም ተቆጨሁ። ማክሰኞ ሸቀጥ ልገዛ ስወጣ አንድ ሰው አላናፋብኝም፣ አንድ ሰውም አልሳቀም። ሰላም ነው የሚሉኝ፣ ቆም ብለው። እሱም እንግዳ ነገር ሆነብኝ።

ረቡዕ ፈይሩዝ መጣች። ወደ ኡበይድ ቤት አልገባችም፣ በቀጥታ ወደኔ! ንጹሕ ጫማ አድርጋለች። «ማሳሽን አሳይኝ» አለችኝ። ከቦዩ ራስ ጀምረን ውሃውን ተከትለን እስከ ጭራው ወረድን። እዚያ ላይ ለምለም፣ እዚህ ታች ሲደርስ መሬቱ ተሰነጣጥቋል። ጎንበስ ብላ አፈሩን በእጇ አንስታ አሸችው፣ አቧራ ሆኖ በነነ። ከዚያ ባሏ ዘንድ ሄዳ ምን እንዳለችው ራሷ ናት የነገረችኝ፤ «ስሜን ታች ያለችው አጠፋችው፣ ታች ያለችው መለሰችው። አንተ ግን አሥራ አንድ ዓመት ውሃቸውን አልመለስክም። ከጭራ ካልጀመርክ ማጀቴ እመለሳለሁ።»

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ኡበይድ አባላቱን ሰብስቦ «ዘንድሮ ተራው ከጭራ ይጀምራል፣ ድሮም አስቤው የነበረ ነው» አለ። ድሮም አስቤው! እኔ ሳቄን ዋጥ አድርጌ «አላህ ያክብርህ» አልኩት።

ዛሬ ጠዋት ውሃው ደረሰ! እትዬ፣ ሙሉ ውሃ! ጭቃ አይደለም! ስልሳው ቤተሰብ አካፋ ይዞ ቦዩ ላይ ተሰልፎ፣ ልጅ አዋቂው እየጮኸ! ኡበይድ አጠገቤ መጥቶ «ያን ቀን አህያ ያልኩሽን...» ብሎ ጀመረና ወደ ቦዩ ዞረ። «ጨርሰው» አልኩት። «ውሃው እየሄደ ነው፣ አካፋሽን ያዢ» ብሎኝ ወደ ላይ ሮጠ። ለሱ ይኼ ብዙ ነው፣ ተቀብዬዋለሁ።

ፈይሩዝ ምን መለሰች ቢሉኝ፣ የእርስዎን ደብዳቤ አንብባዋለች፣ ውስጡን አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። እሁድ የተናገርኩትን ሰምታለች። ረቡዕም ዓርብም አብረን ስንውል ያንን ቃል አላለችኝም፣ እኔም ለመጠየቅ አፈርኩ። ዛሬ ማሳዬ ራስጌ ላይ ከጎኔ ቆማ ውሃውን ስታይ ቆየች። ከዚያ ወደኔ ሳትዞር «አውፍ ብየሻለሁ፣ ራቢዓ» አለችኝ።

አካፋው ከእጄ ወደቀ። በሰው ፊት፣ ኡበይድም እያየኝ፣ እንደ ሕፃን ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። እሷ አካፋውን አነሳችና በዚያ ንጹሕ ጫማዋ ጭቃው ውስጥ ገብታ ወደ ማሳዬ መውረጃውን ከፈተችልኝ።

ልጅዎ፣ ራቢዓ ሷሊሕ